በበረዶ ቀዳዳ የታየ ባሕር

በአንታርክቲካ፣ በማክመርዶ ወሽመጥ የባሕሩ በር አንድ ቀዳዳ ነው። ከሁለት ሜትር በላይ የሚወፍረውን በረዶ በትልቅ መሰርሰሪያ ይበሱትና ማሞቂያ ያላት ጎጆ ከላዩ ያቆማሉ። ጠላቂው እዚያ ተቀምጦ ውሃ የማያስገባ ልብሱን ይለብሳል። የመተንፈሻ መሣሪያው ጥንድ ነው፤ ውሃው ከዜሮ በታች 1.9 ዲግሪ ስለሚደርስ አንዱ በቅዝቃዜ ቢያዝ ሌላው ነፍሱን ያተርፋል። መውጫውም ያው የገባበት ቀዳዳ ስለሆነ፣ ባንዲራና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የታሰረበት ገመድ ወደ ታች ይለቀቅለታል።

በጥቅምት ፀሐይዋ ገና አልበረታችም፤ በውሃው የሚንሳፈፈው አልጌም አልበዛም። ያን ጊዜ ከመቶ ሜትር በላይ አሻግሮ ማየት ይቻላል። ታኅሣሥ ሲገባ አልጌው ይራባና ውሃው ይደፈርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፖል ዴይተን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ምህዳር ተመራማሪ እንዲህ ባሉ ቀዳዳዎች ደጋግሞ ወረደ። የባሕሩ ወለል በደረጃ የተከፈለ መሆኑንም አስተዋለ። እስከ 15 ሜትር ድረስ ወለሉ ራቁቱን ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ እስከ 33 ሜትር አኔሞን የሚባሉ እንስሳትና ለስላሳ ኮራሎች ሰፍረዋል። ከዚያ በታች ግን የሰፍነግ አገር ነው። ሰፍነግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከስቅለቱ ታሪክ፣ ሆምጣጤ ሞልተውት ነው። የማክመርዶው ሰፍነግ ግን በሕይወት ያለ እንስሳ ነው፤ አንዳንዱ ነጭ ገንቦ መስሎ እስከ 2 ሜትር ይቆማል።

ወለሉን እንዲህ የከፈለው በረዶ ነው። እጅግ የቀዘቀዘው ውሃ በድንጋዩም በእንስሳቱም ገላ ላይ እንደ ቅጠል የሳሳ በረዶ ያበቅላል። በረዶ ከውሃ ይቀላልና እየበዛ ሲሄድ የጨበጠውን ሁሉ ነቅሎ ወደ ላይ ይነሳል። የባሕር ኮከቡም ሰፍነጉም ከሥሩ ተነቅሎ ከጣሪያው በረዶ ጋር ይጣበቃል። ከ33 ሜትር ወዲያ ይህ በረዶ እምብዛም ስለማይበቅል ሰፍነጉ ተደላድሎ ይኖራል።

ዴይተን እድገታቸውን ለመለካት ሰው ሠራሽ መደቦችን ወለሉ ላይ ተክሎ ነበር። ለዓመታት የረባ ለውጥ አልታየም፤ ትልልቆቹ ሰፍነጎች ጨርሶ የማያድጉ መሰሉ። በ2010 ሲመለስ ግን በነዚያው መደቦች ላይ ሰፍነጎች በቅለው፣ አድገው አገኛቸው። እኔ ከዚህ መስክ ግኝቶች ሁሉ አስበልጬ የማየው ይህንን ነው። የአሥር ዓመት ክትትል እንኳ ሊያሳስት እንደሚችል ያሳየን፣ ያው ሰው ወደ ያው ቦታ መመለሱ ነው። የምርምር ገንዘብ ግን በአብዛኛው ለሁለትና ለሦስት ዓመት ይሰጣል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ጠላቂ ከ40 ሜትር ገደማ በታች አይሄድም። ከዚያ ወዲያ ያለው የሮቦት ድርሻ ነው። ስኪኒ የተባለው ሮቦት 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚሰፋ ቀጭን ቱቦ ስለሆነ ጠባብ ቀዳዳ ይበቃዋል። በ2010 መጨረሻ መሐንዲሶች ይህንኑ ሮቦት በሙቅ ውሃ በተበሳ ጉድጓድ በሮስ ተንሳፋፊ ግግር በረዶ ሥር ለሙከራ ሰደዱት። ካሜራው ወደ ላይ ቀና ሲል የበረዶው ሆድ ለስላሳ አልነበረም፤ ነጫጭ አኔሞኖች ገላቸውን በረዶው ውስጥ ቀብረው፣ ክንዶቻቸውን ወደ ታች ዘርግተው ተንጠልጥለዋል። በ2013 ኤድዋርድሲየላ አንድሪሌ የሚል ስም ወጣላቸው። እንዲህ ያለ ለስላሳ ገላ በረዶን እንዴት እንደሚበሳ ግን እንቆቅልሽ ሆኖ ቀረ።

ሮቦትም አደጋ ያገኘዋል። የሬዲዮ ሞገድ የባሕርን ውሃ አልፎ ስለማይደርስ ያለ ገመድ የሄደው ብቻውን ነው። የብሪታንያው አውቶሰብ 2 በ2005 በፊምቡል ግግር በረዶ ሥር ገብቶ ሳይመለስ ቀርቷል።

በ2021 የጀርመኑ መርከብ ፖላርሽተርን በዌዴል ባሕር ካሜራ እየጎተተ ሲሄድ ከሥሩ የዓሣ ጎጆ በጎጆ ሆነ። ተመራማሪዎቹ በ240 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 60 ሚሊዮን ያህል ጎጆ እንዳለ ገመቱ። በጥር 2025 ደግሞ ኤ-84 የተባለው 510 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ በረዶ ከጆርጅ ስድስተኛ ግግር በረዶ ተገንጥሎ ሄደ። በአካባቢው የነበረችው ፋልኮር ቱ መርከብ ሮቦቷን ጣሪያው ወደ ተነሣበት ወለል አወረደች፤ የተገኘው ትልልቅ ኮራልና ሰፍነግ ነበር። ግዝፈታቸው በበረዶው ሥር ብዙ ዘመን እንደኖሩ ይመሰክራል።

ከክፍቱ ባሕር እጅግ ርቆ ሕይወት ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ በፊልሽነር-ሮን ግግር በረዶ ሥር ነው። የብሪታንያ የምድር ሳይንስ ባለሙያዎች ጭቃ ሊያወጡ 900 ሜትር የሚጠጋ በረዶ በስተው ሲያወርዱ መሣሪያቸው ከቋጥኝ ጋር ተላተመ። ካሜራው ያሳየው ግን ባዶ ቋጥኝ አልነበረም፤ ሰፍነጎችና ሌሎች ቦታ የማይለቁ እንስሳት ተጣብቀውበታል። ክፍቱ ባሕር ከዚያ 260 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ግኝቱ በ2021 ሲታተም የያዘው ምስል ብቻ ነበር። የማክመርዶ ጠላቂ በእጁ ቆርጦ በከረጢት ይዞት የሚወጣውን ያህል ቁራጭ ከቋጥኙ አልተነሣም፤ ስለዚህም የየትኛው ዝርያ እንደሆኑ መለየት አልተቻለም።