የእናት ቀሚስ ቢሮ ሲገባ ወጪው የት ላይ ነው?

በበዓል ዋዜማ በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች የአገር ልብስ መልበስ የተለመደ ነው፡፡ የእናትን ወይም የአያትን ቀሚስ ከሣጥን አውጥቶ፣ በነጠላ ፈንታ ኮት ደርቦ፣ በመቀነት ፈንታ የቆዳ ቀበቶ አስሮ በአዘቦት ቀን ቢሮ መግባት ግን ሌላ ሒሳብ አለው፡፡ ቀሚሱ በእጅ ስላለ ወጪ የሌለው ይመስላል፡፡ ገንዘቡ የሚወጣው ግን ቀሚሱን ተከትለው በሚገዙት ዕቃዎች ላይ ነው፡፡

በእጅ የተፈተለና በሸማኔ የተሠራ ቀሚስ ዋጋው ድካሙ ነው፡፡ ጥለቱ ክር በክር የገባ በመሆኑ፣ በማሽን ታትሞ ከውጭ ከሚመጣው አምሳያው ጋር አይተካከልም፡፡ ይህ ዋጋ የሚጸናው ግን ጨርቁ ጤነኛ ከሆነ ነው፡፡ ወደ ብርሃን ዘርግቶ ማየት ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ የሚሳሳው ለዓመታት የታጠፈበት መስመርና ብብቱ ነው፡፡ እነዚህ ከሳሱ ለቢሮ ቀርቶ ለግማሽ ቀን ሠርግም አያስተማምንም፡፡

ትልቁ ኪሣራ የሚደርሰው ሰፊው ዘንድ ነው፡፡ ቀሚሱ ለታክሲና ለደረጃ ይረዝማል ተብሎ ከታች ሲቆረጥ ጥለቱ አብሮ ይሄዳል፤ ያ ቀሚስ ከዚያ በኋላ ቢሸጥም ዋጋ አያወጣም፡፡ ብልህ ሰፊ ከወገቡ ላይ ወደ ውስጥ አጥፎ ይሰፋዋል፡፡ ስፌቱን ቀበቶው ይሸፍነዋል፣ በተፈለገም ጊዜ ይተረተራል፡፡ የቀበቶው ዘለበት ግን ሸካራ ከሆነ ክሩን ይስባል፡፡

ወደ ጫማና ቦርሳ ስንመጣ ነገሩ የምንዛሪ ጉዳይ ይሆናል፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፡፡ ከውጭ የሚገባው ቦርሳም ይህንኑ ተከትሏል፡፡ በአገር ቆዳ የተሠራው ይሻላል፤ ሆኖም ኬሚካሉና ማጣበቂያው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ እሱም ከምንዛሪው ፈጽሞ አያመልጥም፡፡

ለምሳሌ 6,000 ብር የወጣበት ጫማ ለዚህ ቀሚስ ብቻ ተገዝቶ በዓመት 20 ቀን ቢደረግ፣ አንዱ ቀን 300 ብር ይሆናል፡፡ ያው ጫማ ከሌሎች ልብሶች ጋር 150 ቀን ቢደረግ ወጪው ወደ 40 ብር ይወርዳል፡፡ ስለዚህ ጥለቱ ካሉት ቀለማት ደብዘዝ ያለውን፣ ለምሳሌ ቡናማውን ወይም ጥቁር ሰማያዊውን መርጦ ጫማና ቦርሳ በዚያ መግዛት ያዋጣል፡፡ ደማቁን ቀይ ተከትሎ የተገዛ ቦርሳ ብዙ ጊዜ ከዚያው ቀሚስ ጋር ሣጥን ይገባል፡፡

ኮቱ አጠር፣ እጅጌው ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ጠባብ እጅጌ የቀሚሱን ጥልፍ ክርን ላይ ያጨማድደዋል፡፡ ጥለቱ ራሱ ጌጥ ስለሆነ ትንሽ ጉትቻና ሰዓት ይበቃል፡፡

ሽሮ ሜዳ ሰፊዎች የሚጣበቡት በበዓላት ዋዜማና በጥር የሠርግ ወቅት ነው፡፡ ቀሚስ ለማስጠበብ የሚያስብ፣ ሠርግ በማይደገስበት በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንታት ቢሄድ ለመደራደርም ጊዜ ያገኛል፡፡