ዜማው የማን ነው?

ደብረ ታቦር ውስጥ መሰንቆ የሚመታ አንድ ወጣት አውቃለሁ። የራሱን ግጥምና ዜማ በስልኩ ቀርጾ ለጓደኛው ይልካል። ከወር በኋላ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ፣ በሰው ስም! «አልበም አላወጣሁ፣ አላስመዘገብኩ፣ ምን ብዬ እከሳለሁ?» አለኝ።

ውድ አንባብያን፣ ሕጉ ከሱ ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ሥራው ወጥ እስከሆነና እስከተቀረጸ ወይም እስከተጻፈ ድረስ ያለ ምዝገባም ይጠብቀዋል። የኢኮኖሚ መብቱ ለአመንጪው ዕድሜ ልኩን፣ ለወራሾቹም ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል።

ታዲያ አንድ ነገር እንለይ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሁላችን ቅኝቶች ናቸው፤ ከአያት የወረደ ዜማም እንዲሁ። የኔ ነው ማለት የሚቻለው በነሱ ላይ አዲስ የፈጠሩትን ብቻ ነው።

ጣጣው ያለው ማስረጃው ላይ ነው። ስለዚህ ምክሬን ልስጣችሁ። መጀመሪያ የቀረጻችሁትን ፋይል ከነቀኑ አትደምስሱ። ግጥሙን በወረቀት አስፍሩ። ለሰው ከመላካችሁ በፊት በራሳችሁ ቻናል ልቀቁት። ዘፋኝ ወይም ስቱዲዮ ከጠየቃችሁ፣ ወዳጅም ቢሆን፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ከተወሰደባችሁም ለዩቲዩብ የቅጂ መብት አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቅጹን በእውነት መሙላት ብቻ ነው።

ሲተርቱስ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» አይደል የሚባለው?