ከግድግዳው ጀርባ የተገኘው ደረጃ

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በኖቬምበር 2004፣ በእንግሊዝ ሰሜን ዮርክሻየር፣ ከሪፐን ከተማ ብዙም በማይርቀው ኖርተን ኮንየርስ በተባለ አሮጌ ቤት ውስጥ ተደፍኖ የኖረ ደረጃ ተገኘ። አንደኛውን ፎቅ ጣሪያ ሥር ካሉት ክፍሎች ጋር ያገናኛል። በእንግሊዝ አሮጌ ቤቶች ውስጥ የተደፈነ ደረጃ ብርቅ አይደለም። የዚህኛው ወሬ ዓለምን የዞረው ደረጃው በ1847 በታተመ ልብ ወለድ ውስጥ ስለነበረ ነው።

ልብ ወለዱ የሻርለት ብሮንቴ «ጄን ኤር» ነው። የቶርንፊልድ ጌታ ሚስተር ሮቸስተር አእምሮዋ የታወከውን ሚስቱን በርታን እንዲህ ያለ ደረጃ በሚያደርስበት ላይኛው ፎቅ ላይ ቆልፎባት ይኖራል። ልጅ ለማስተማር የተቀጠረችው ጄን ግን ከላይ ሳቅ ይሰማታል እንጂ የማን እንደሆነ አታውቅም።

ሻርለት ራሷም በ1839፣ በ23 ዓመቷ፣ ሲጅዊክ የተባሉ ባለጸጎች ቤት በዚሁ ሥራ ተቀጥራ ነበር። ለእህቷ ለኤምሊ በጻፈችው ደብዳቤ የቤት አስተማሪ በጌቶቿ ዓይን እንደ ሰው እንደማትቆጠር ምርር ብላ ነግራታለች። በዚያው ዓመት ነው ኖርተን ኮንየርስን የጎበኘችው። ከዚያ በፊት በነበረው ክፍለ ዘመን አንዲት የአእምሮ ሕመምተኛ እዚያ ጣሪያ ሥር ተዘግቶባት ትኖር እንደነበር ሰምታለች ይባላል።

እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለውን «ይባላል» ብዙም አላምነውም። ዝነኛ መጽሐፍ ባለበት አገር፣ አፈ ታሪክ ከመጽሐፉ በኋላ ተወልዶም ታላቁ ነኝ ይላል። ደረጃውን ግን አንባቢ ሊፈጥረው አይችልም። ለእኔ ሚዛን የደፋው እሱ ነው።

ያም ሆኖ አንድ ነገር አልገጠመም። ጄን ቶርንፊልድ ጣሪያ ላይ ወጥታ አገሩን ስትቃኝ፣ የቤቱ አናት እንደ ምሽግ ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። የኖርተን ኮንየርስ አናት ግን በሆላንድ ስልት የታነጸና ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው። ጥርሳሙ አናት የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው፤ የሻርለት የልብ ጓደኛ ኤለን ነሲ ባደገችበት በበርስቶል መንደር፣ ራይዲንግስ በተባለው ቤት።

በ1845 ደግሞ ሻርለት ከኤለን ጋር ደርቢሻየር ውስጥ ሃዘርሴጅ ሄደች። የሄዱት የኤለንን ወንድም የሄንሪን ቤት ለማሰናዳት ነበር። (ይኸው ሄንሪ በ1839 ሻርለትን ለጋብቻ ጠይቋት እምቢ ብላዋለች።) እዚያ ኖርዝ ሊስ የተባለ፣ እሱም አናቱ ጥርሳም የሆነ ግንብ አለ። የኖሩበት ደግሞ ኤር የተባሉ ቤተሰቦች ናቸው! የግንቡ የመጀመሪያ እመቤት አእምሮዋ ታውኮ ተዘግቶባት እንደኖረችና በእሳት እንደሞተች የአካባቢው ሰው ያወራል፤ ያው «ይባላል» ነው።

ስለዚህ የቶርንፊልድን አድራሻ አንድ ቦታ ብቻ የሚፈልግ ሰው የሚለፋው በከንቱ ነው። ሻርለት ደረጃውን ከአንዱ፣ አናቱን ከሌላው፣ የጄንን የቤተሰብ ስም ከሦስተኛው ወስዳ የራሷን ቤት ሠራች፤ መጨረሻ ላይ በበርታ እጅ አቃጠለችው። ከ1624 ጀምሮ በግሬሃም ቤተሰብ እጅ የኖረውን ኖርተን ኮንየርስን ግን ያሰጋው እሳት ሳይሆን እንጨት የሚበላ ነቀዝ ነው። ባለቤቶቹ የወለሉን ሳንቃ አስነስተው ለዓመታት ሲያሳድሱት ቆዩ፤ በ2014ም ለዚሁ ሥራ የእድሳት ሽልማት ተቀበሉ።