ለሱቅ መስተዋት የተሠራና ለሥራ ጠረጴዛ የተሠራ ላፕቶፕ

ላፕቶፕ ለመግዛት ወደ ሱቅ የገባ ሰው ሁለት ዓይነት መሣሪያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያያል። አንደኛው ቀጭን ነው፤ ፊቱ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፤ ቀለሙም ዐይን ይስባል። ሁለተኛው ጥቁር፣ ደብዛዛና ወፈር ያለ ሲሆን ዋጋው ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል። ምክንያቱን ቢጠይቁ፣ ሻጩ «ይኸኛው የቤት ነው፤ ያኛው የቢሮ ነው» ከማለት በቀር ብዙ አያብራራም። የሁለቱን ፕሮሰሰር፣ ራምና የማከማቻ መጠን ቢያነጻጽሩም ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ታዲያ የዋጋው ልዩነት ከየት መጣ? ለብዙ ወራት ከደመወዙ እየቀነሰ ገንዘብ ላጠራቀመ ሠራተኛ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም።

እንደ እኔ አስተያየት የነገሩ ሥር ያለው በገዢው ማንነት ላይ ነው። ለግል ተጠቃሚ የታሰበው ላፕቶፕ የሚሸጠው ሱቅ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አገላብጦ አይቶ ለሚወስን ሰው ስለሆነ፣ ፋብሪካው ገንዘቡን ከሁሉ አስቀድሞ በሚታየው ነገር ላይ ያውለዋል። ለመሥሪያ ቤት የታሰበውን ግን የሚገዛው በመቶና በሺህ ቆጥሮ የሚያዝ ድርጅት ነው፤ መራጩም በመሣሪያው የሚጽፍበት ጸሐፊ ሳይሆን ሲበላሽ የሚጠግነው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ስለ ቀለሙ ብዙም አይጨነቅም። የሚጠይቀው ኪቦርዱ ቢበላሽ በስንት ደቂቃ እንደሚለወጥ፣ መለዋወጫው ከሦስት ዓመት በኋላም ይገኝ እንደ ሆነ፣ ሠራተኛው መሣሪያውን ታክሲ ውስጥ ረስቶ ቢወርድ የመሥሪያ ቤቱ ምሥጢር በማን እጅ እንደሚወድቅ ነው። የሁለቱ መሣሪያዎች አሠራር የተለያየው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ከስክሪኑ እንጀምር። የሚያብለጨልጨው ስክሪን ጥቁሩን አጥቁሮ፣ ቀዩን አቅልቶ ያሳያል፤ መብራት በተቀነሰበት ክፍል ፊልም ለሚያይ ሰው የሚመረጠውም እርሱ ነው። ነገር ግን ከኋላዎ መስኮት ካለ፣ ከጽሑፉ ይልቅ የሚያዩት የራስዎን ፊትና የመስኮቱን ብርሃን ይሆናል። ለሥራ በሚዘጋጁት ላፕቶፖች ላይ የሚዘወተረው ደብዛዛ ስክሪን በላዩ የሚያርፈውን ብርሃን ስለሚበታትነው፣ ሥዕሉ ጥቂት ቢደበዝዝም ዐይን አያደክምም። ሙሉ ቀን ደብዳቤና ሠንጠረዥ ሲያነብ ለሚውል ሰው ደብዛዛው ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለ ኪቦርዱ ግን ሰፋ አድርገን መነጋገር ይገባናል፤ በተለይ በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች። በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል አንድ ምት ነው። በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ግን «ቤ» የምትለዋን አንዲት ፊደል ለማውጣት አስቀድሞ የ«ብ»ን፣ ቀጥሎም የአናባቢውን ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ጣቶች ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚወርዱና እንደሚነሡ እስቲ ያስቡት። ለሥራ የታሰበ ጥሩ ላፕቶፕ ቁልፉ ጠለቅ ብሎ ይወርዳል፤ መመታቱንም ጣት ያውቀዋል። ከነዚህም አንዳንዶቹ ቡና ቢፈስባቸው ፈሳሹን ወደ ማዘርቦርዱ ሳያደርሱ በታች የሚያስወጡ ቀዳዳዎች ተበጅተውላቸዋል።

በዚህ ረገድ ብዙ ክርክር ያስነሣው ቲንክፓድ የተባለው ላፕቶፕ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ላፕቶፕ በ1992 ሲያወጣ ቅርጹን የነደፈለት ጀርመናዊው ሪቻርድ ሳፐር ነበር። ሲዘጋ ምንም ጌጥ የሌለው ጥቁር ሣጥን ነው፤ ሲከፈት ግን በኪቦርዱ መካከል እንደ እርሳስ ላጲስ ያለች ቀይ ነጥብ ትታያለች። ይህች ነጥብ በጣት ስትገፋ የስክሪኑን ቀስት ታንቀሳቅሳለች፤ በመሆኑም ጸሐፊው እጁን ከፊደላቱ ሳያነሣ ሥራውን ይቀጥላል። በ2005 የአይቢኤምን የግል ኮምፒዩተር ሥራ የቻይናው ሌኖቮ ገዛው። ይኸው ኩባንያ በ2008 አይዲያፓድ የሚባል ሌላ ዓይነት ለግል ተጠቃሚ አወጣ፤ ቲንክፓድን ግን ለመሥሪያ ቤት እንደ ሆነ አቆየው።

ሆኖም የግሉ መሣሪያ ፋሽን ወደ መሥሪያ ቤቱ መዝለቁ አልቀረም። በ2013 በወጡት የቲንክፓድ ዓይነቶች ላይ ከቀይዋ ነጥብ ጋር የሚሠሩት ሦስት ቁልፎች ለብቻቸው መቆማቸው ቀርቶ ከመዳሰሻው ሰሌዳ ጋር አንድ ተደረጉ። ለዐይን በእርግጥ ጽዱ ሆነ። ነገር ግን ዓመታት በነጥቢቱ የሠሩ ሰዎች ጣታቸው የለመደውን ቁልፍ ቢፈልገው አጣው፤ አጉረመረሙም። በ2015 ቁልፎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ከዚህም የባሰ በአፕል ላይ ደረሰ። ኩባንያው በ2016 ማክቡክ ፕሮ የተባለውን ላፕቶፑን እጅግ ሲያሳንሰው ብዙዎቹን መሰኪያዎች አስቀረ፤ ኪቦርዱንም ቁልፉ በጭንቅ የሚወርድ ቀጭን አደረገው። ጥቂት ትቢያ ከቁልፉ ሥር ከገባ ፊደሉ ወይ እምቢ ይላል ወይ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ስለዚህ ነገር አቤቱታ በዛና በ2018 ኩባንያው የተበላሹትን ኪቦርዶች ያለ ዋጋ መጠገን ጀመረ፤ በ2019 ወደ ቀድሞው ዓይነት አሠራር መመለስ ያዘ፤ በ2021 ደግሞ በአዲሶቹ ላይ የፕሮጀክተርና የካሜራ ካርድ መሰኪያዎችን መለሰ። እንግዲህ «ፕሮ» የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ስሙማ የሻጭ ነው። ዴልም በ2025 ለመሥሪያ ቤት ከ1994 ጀምሮ ሲጠቀምበት የነበረውን ላቲቲዩድ የሚል ስም ትቶ፣ የግሉን ዴል፣ የሥራውን ዴል ፕሮ ብሎ ለመጥራት ወስኗል።

ስለ ጥገናም ጥቂት ልበል። በብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ኪቦርዱ ከላይኛው ክዳን ጋር በቀለጠ ፕላስቲክ የተያያዘ ስለሆነ፣ አንዲት ቁልፍ ብትበላሽ ክዳኑ በሙሉ ይለወጣል። የስክሪኑም ማጠፊያ ብሎኑ የተሰካው ፕላስቲክ ላይ በመሆኑ ከጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። በመሥሪያ ቤቱ ዓይነት ግን ብዙውን ጊዜ የታችኛው ክዳን በጥቂት ብሎን ይከፈታል፤ የአፈታቱንም ዝርዝር የሚያስረዳ መጽሐፍ ኩባንያው ራሱ አሳትሞ ለማንም ያቀርባል። ራም ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ መምጣቱን በተመለከተ ግን ፍርዱ እንዲህ ቀላል አይደለም። የተበየደው ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፤ ቦታም አይፈጅም። ነገር ግን ስምንት ጊጋባይት ብለው የገዙት ለዘለዓለም ስምንት ነው። ዛሬ ይህ ልማድ በመሥሪያ ቤቶቹም ላፕቶፕ ላይ ስለ ተስፋፋ፣ ከመግዛትዎ በፊት ጠይቀው መረዳት የርስዎ ፈንታ ነው።

በነገራችን ላይ «የወታደር ፈተና ያለፈ» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ብዙ አይደነቁ። ሚል ስታንዳርድ 810 የተባለው የአሜሪካ ጦር የመፈተኛ ደንብ ነው እንጂ ጦሩ ላፕቶፑን መርምሮ የሰጠው የምስክር ወረቀት አይደለም። ከደንቡ የትኞቹን ፈተናዎች እንደሚፈትን የሚመርጠው ፋብሪካው ነው።

አሁን ወደ ኪሳችን እንመለስ። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ድርጅቶች ላፕቶፖቻቸውን በሦስትና በአራት ዓመት ይለውጣሉ፤ የተለወጡትም በነጋዴ እጅ ብዙ አገር ዞረው ወደ እኛም ይደርሳሉ። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ዋጋ አዲስ የግል ተጠቃሚ ላፕቶፕና ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ማግኘት ይቻላል። ሥራው ጽሑፍና ሒሳብ የሆነ ሰው ከሁለቱ ቢያማክረኝ ያገለገለውን ውሰድ እለዋለሁ፤ ኪቦርዱ ይሻላል፤ ቢበላሽም ይፈታል። ለልጆቹ ትምህርትና ለፊልም ብቻ የሚፈልግ፣ ወይም መሣሪያው ከነዋስትናው ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ግን አዲሱን ቢገዛ አልቃወመውም።

ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይመርምር። አንደኛው ባትሪው ነው። ኮምፒዩተሩ ባትሪው ሲሠራ ምን ያህል ይይዝ እንደ ነበርና አሁን ምን ያህል እንደሚይዝ ራሱ መዝግቦ ያሳያል፤ ከግማሽ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ቀድሞ ያመሰገንነው የምሥጢር ጥበቃ እዚህ ላይ በገዢው ላይ ይዞራል፤ የቀድሞው ድርጅት መሣሪያውን ከመዝገቡ ሳይሰርዝ፣ ወይም የውስጡን የይለፍ ቃል ሳያነሣ ሸጦት ሊሆን ይችላልና። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ሱቅ ውስጥ ደኅና ሲሠራ ይታያል፤ ቤት ገብቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫንበትና ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ግን የማያውቁት ድርጅት ስም በስክሪኑ ላይ ይወጣና የዚያን ድርጅት ሠራተኛ መለያ ይጠይቃል። ስለዚህ ሻጩ ራሱ በፊትዎ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጭኖ፣ ኢንተርኔት አገናኝቶ፣ ማሽኑ ሲነሣ በሚከፈተው የውስጥ ማስተካከያ ገጽም ያለ ይለፍ ቃል ገብቶ እስኪያሳይዎ ድረስ ገንዘብዎን አይቍጠሩለት። ለዚህ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ሻጩ ጊዜ የለኝም ካለም ቀጥሎ ያለው ሱቅ ክፍት ነው።