የካንሰር መድኃኒትና የልብ ምት፦ ምርመራው የት ያበቃል?

ከደብረ ብርሃን ወይም ከአንኮበር ሲኤምኤል የተባለው የደም ካንሰር የተገኘበት ሰው ሕክምና ፍለጋ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይደርሳል። የተለመደው የመጀመሪያ መድኃኒት ኢማቲኒብ ነው፤ እሱ አልሠራ ሲል ከሚታሰቡት አንዱ ኒሎቲኒብ ነው። ኒሎቲኒብ እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ በመግለጫ ወረቀቱ አናት ላይ በጥቁር ሳጥን ከባድ ማስጠንቀቂያ ሰፍሮበታል፦ የልብ ምትን ሊያዛባ፣ በድንገትም ሊገድል ይችላል።

ታዲያ ለምን ተፈቀደ?

ክርክሩ የቆየ ነው። ቴርፈናዲን የተባለው የአለርጂ ክኒን በዚሁ ጠንቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። በ2005 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ደግሞ አዲስ መድኃኒት ኪውቲን ያስረዝም እንደሆነ በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ በኢሲጂ (በልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) እንዲለካ አዘዘ። ኪውቲ የልብ የታችኛው ክፍል ተኮማትሮ ለቀጣዩ ምት እስኪዘጋጅ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ስጋቱ የሚጀምረው ይህ ጊዜ በአማካይ 5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲረዝም ነው። በኢሲጂ ወረቀት ላይ አንዷ ትንሽ ካሬ 40 ሚሊ ሰከንድ ናት፤ የሚፈለገው እንግዲህ የካሬዋ ስምንተኛ እጅ ነው!

ብዙ የካንሰር መድኃኒት ግን መርዛማ ስለሆነ ለጤነኛ ሰው አይሰጥም። ልኬቱ በታማሚው ላይ ይሆናል። ታማሚው ደግሞ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ በደሙ ያለው ፖታሲየም ይወርዳል፤ ይህ ራሱ ኪውቲን ያስረዝማል፤ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮንም እንዲሁ። ስለዚህ አጥኚዎች ፖታሲየሙ የወረደበትንና ልቡን የሚያመውን ሰው ብዙ ጊዜ አያስገቡም። ቁጥሩ ይጠራል፤ በኋላ መድኃኒቱን የሚውጠው ግን ያ ያልገባው ሰው ጭምር ነው። ዋናው ክፍተት ይህ ይመስለኛል።

መፈቀዱን ግን አልቃወምም። አርሴኒክ ትራይኦክሳይድ ኪውቲን በግልጽ ያስረዝማል፤ ሆኖም ካልታከመ በቶሎ የሚገድል የደም ካንሰርን ስለሚያድን ከ2000 ጀምሮ ይሰጣል። ለአለርጂ ክኒን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

ምሕረቱ ግን ክትትል ይጠይቃል። ኒሎቲኒብ ከመጀመሩ በፊት፣ በሰባተኛው ቀን፣ ከዚያም በየጊዜው ኢሲጂ መነሣት አለበት። ምግብ የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርገው ከመዋጡ በፊት ለ2 ሰዓት፣ ከተዋጠም በኋላ ለ1 ሰዓት አይበላም። ጿሚ ሰው ጾሙን ሲፈታ ክኒኑን ከእንጀራው ጋር እንዳይውጥ ሰዓቱን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ከአንኮበር ቁልቁል ቆላ ወርዶ ወባ የያዘው ሰው ሊታዘዝለት የሚችለው ክሎሮኪንም ኪውቲን ያስረዝማል።

እናም ፋርማሲ ስትገቡ የካንሰር ክኒን እየወሰዳችሁ መሆኑን ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ ራሳችሁን ከሳታችሁ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።