መስኮቱ ሲከፈት፣ መስኮቱ ሲዘጋ፦ የኳስ ተጫዋቾች ዝውውር እንዴት ነው የሚሠራው?



በዚህ እትማችን ስለ ኳስ እናወራለን። «የትምህርት ጋዜጣንና ኳስን ምን አገናኛቸው?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። ግን ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ተማሪ፣ «ሊቨርፑል ማንን አስፈረመ?» ሲባል የተጫዋቹን ዕድሜ፣ ዋጋና የቀድሞ ክለብ አንድ በአንድ ሲዘረዝር ስናይ ሐሳባችንን ቀየርን።

እዚህ ናይሮቢ ደግሞ ከኳስ ወሬ ማምለጫ የለም። ማታቱው ላይ የክለብ አርማና የተጫዋች ምስል ተስሏል። ኢስሊ ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ቡናው ሳይቀዳ ክርክሩ ይጀመራል። የዝውውር ሰሞን ሲሆንማ አይጣል ነው! ታዲያ ቁጭ ብለን ስናዳምጥ፣ ብዙው ጭቅጭቅ የሚነሳው ደንቡን ካለማወቅ ሆኖ አገኘነው። «ከገዙት ለምን አይጫወትም?» «ለምን ለሌላ ክለብ ይሰለፋል?» «እኔስ ጎበዝ ተጫዋች ነኝ፤ ለምን አይወስዱኝም?» የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ለካምፕ ልጆች ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ ወደ ኋላ ላይ በሰፊው እንመለስበታለን።

ክለብ የሚገዛው ምንድን ነው?

«ተጫዋቹ ተሸጠ» እንላለን እንጂ ሰው አይሸጥም። የሚሸጠው ውሉ ነው። አንድ ተጫዋች ከክለቡ ጋር የአራት ዓመት ኮንትራት ቢኖረውና ሁለት ዓመት ቢቀረው፣ ሌላ ክለብ የሚፈልገው ከሆነ የቀረውን ጊዜ ለማስለቀቅ ለክለቡ ካሳ ይከፍላል። ያ ካሳ ነው የዝውውር ሒሳብ የሚባለው። ውሉ ካለቀስ? እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ዣን ማርክ ቦስማን በተባለ ቤልጂጋዊ ተጫዋች ጉዳይ ውሳኔ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ክፍያ ወደፈለገው ክለብ መሄድ ይችላል። አንድ ተራ ተጫዋች ፍርድ ቤት ቆሞ የኳስን ዓለም ቀየረ ማለት ነው።

«የዝውውር መስኮት» የሚባለው ደግሞ ተጫዋች የሚመዘገብበት ጊዜ ነው። ፊፋ ከ2002/03 የውድድር ዘመን አንሥቶ ይህን አሠራር በሁሉም አገር አስገዳጅ አደረገ። በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ አንዱ ረጅም፣ ሁለተኛው አጭር። ለአብዛኞቹ የአውሮፓ ሊጎች ረጅሙ በበጋቸው፣ አጭሩ በጥር ነው። መስኮቱ ባይኖር ገንዘብ ያለው ክለብ ውድድሩ መሐል ላይ እያለ የተፎካካሪውን ምርጥ ተጫዋች ይወስድ ነበር።

መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ምን ዓይነት ግርግር እንደሚፈጠር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከኤርትራውያን ወላጆች ስዊድን ውስጥ የተወለደው አሌክሳንደር ኢሳክ፣ መስከረም 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) መስኮቱ በሚዘጋበት ዕለት ከኒውካስል ወደ ሊቨርፑል ሲዛወር 125 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለበት። በብሪታንያ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ዋጋ ተከፍሎ አያውቅም።

የናይሮቢዎቹ ወንድማማቾች

ደንቡ በሰው ሕይወት ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከማክዶናልድ ማሪጋ የተሻለ ምሳሌ የለንም። ማሪጋ የናይሮቢ ልጅ ነው። አባቱ ኖዋ ዋንያማ ለኤኤፍሲ ሌፐርድስ ተጫውተዋል። ማሪጋ ከኬንያ ወደ ስዊድን፣ ከስዊድን ወደ ጣሊያኑ ፓርማ ሄደ።

በጥር 2010 መስኮት ማንቸስተር ሲቲ ፈለገው። ነገሩ አለቀ ሲባል የእንግሊዝ የሥራ ፈቃድ ተከለከለ። የማሪጋ ችሎታ አልጎደለም፤ የጎደለው የአገሩ ደረጃ ነበር። በጊዜው የእንግሊዝ ደንብ የተጫዋቹ ብሔራዊ ቡድን በፊፋ ሰንጠረዥ እስከ 70ኛ ድረስ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር፤ ኬንያ ደግሞ ከዚያ በታች ነበረች። በጊዜው የኬንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ራይላ ኦዲንጋ ሳይቀሩ ጉዳዩን ይዘው ተንቀሳቀሱ። ሆኖም አልተሳካም። ሰዓቱም አለቀ።

አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ። ማሪጋ ጣሊያን ውስጥ የሚሠራ ስለነበረ የእንግሊዝ ደንብ እዚያ አያገኘውም፤ በዚያው መስኮት መጨረሻ ላይ ኢንተር ሚላን አስፈረመው። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ተረት ነው። ሚያዝያ 28 ቀን 2010 (እ.ኤ.አ.) በሻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ፣ ኢንተር በባርሴሎና ሜዳ በዐሥር ሰው ሲከላከል፣ ማሪጋ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሳሙኤል ኤቶን ቀይሮ ገባ። ኢንተር 1 ለ 0 ቢሸነፍም በድምር 3 ለ 2 አለፈ። ግንቦት 22 ቀን በማድሪድ ባየር ሙኒክን 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። ማሪጋ ፍጻሜው ላይ ባይገባም ከተቀያሪዎቹ አንዱ ነበር፤ ይህን ዋንጫ ያገኘ የመጀመሪያው ኬንያዊም ሆነ።

ታናሽ ወንድሙ ቪክቶር ዋንያማ በ2011 ከቤልጂግ ወደ ስኮትላንዱ ሴልቲክ ተዛወረ። ኅዳር 7 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ.) ሴልቲክ ባርሴሎናን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ የመጀመሪያውን ጎል በግንባሩ ያገባው እሱ ነው። በ2013 ሳውዝሃምፕተን በ12.5 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው፤ በፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ኬንያዊ ሆነ። ለታላቁ የተዘጋው የእንግሊዝ በር ለታናሹ ተከፈተ ማለት ነው። ዛሬ የደረጃው ደንብ በዚያ መልክ የለም፤ ከ2021 ወዲህ እንግሊዝ የምትሠራው በነጥብ ነው። ተጫዋቹ ለብሔራዊ ቡድኑ የተሰለፈበት ጊዜ፣ የሚጫወትበት ሊግ ደረጃና የመሳሰለው ተደምሮ ይታያል።

«ፈርሞ ለምን አይጫወትም?»

ለክለብ መፈረምና ለውድድር መመዝገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለአውሮፓ ውድድር ክለቡ እስከ 25 ተጫዋች ያለበት ዝርዝር ለዩኤፋ ያስገባል። ከእነዚህም ውስጥ ስምንቱ ቦታ በአገር ውስጥ ለሠለጠኑ የተያዘ ነው። ስሙ እዚያ ዝርዝር ላይ ካልተጻፈ፣ መቶ ሚሊዮን ቢከፈልበትም አይሰለፍም።

ድሮ ሌላም ክልከላ ነበር። በዚያው ዓመት በሻምፒየንስ ሊግ ለአንድ ክለብ የተጫወተ ሰው፣ በጥር ቢዛወር ለአዲሱ ክለብ በዚያ ውድድር መጫወት አይችልም ነበር። ማሪጋ የተረፈው ፓርማ በዚያ ዓመት በአውሮፓ ውድድር ስላልነበረ ነው። ይህ ክልከላ ከ2018/19 ጀምሮ ተነሥቷል። የውድድሩ ቅርጽም ተለውጧል፤ ከ2024/25 ጀምሮ የድሮው ምድብ ቀርቶ 36 ክለቦች በአንድ ሰንጠረዥ ስምንት ስምንት ጨዋታ ያደርጋሉ። እስከ 8ኛ የወጡት በቀጥታ፣ ከ9ኛ እስከ 24ኛ ያሉት ደግሞ እርስ በርስ ተጋጥመው ወደ ጥሎ ማለፉ ይገባሉ።

«ገዝተውት ለምን ሌላ ቦታ ይጫወታል?» ለሚለው መልሱ ውሰት ነው። ኬንያዊው የቀድሞ ተጫዋች ማይክ ኦኮት ልጅ፣ ለቤልጂግ የተጫወተው ዲቮክ ኦሪጊ፣ በ2014 ሊቨርፑል ከሊል ገዛውና አንድ ዓመት እዚያው ሊል በውሰት ተወው። ብዙ ደጋፊ «ገንዘብ አባከኑ» ብሎ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ባርሴሎና 4 ለ 0 ሲሸነፍ ሁለቱን ጎል ያገባው ኦሪጊ ነው። ሰኔ 1 ቀን በፍጻሜው ቶተንሃም ላይ ሁለተኛውን ጎል ያገባውም እሱ ነው። በዚያ ዓመት የቶተንሃም ተጫዋች ማን ነበር? ቪክቶር ዋንያማ! ናይሮቢ በዚያ ምሽት ማንን እንደምትደግፍ ግራ ቢገባት አይፈረድባትም።

ከካምፕ የተነሡ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። አወር ማቢል በ1995 ካኩማ ካምፕ ውስጥ ከደቡብ ሱዳናውያን ወላጆች ተወለደ። በ2006 ከቤተሰቡ ጋር አውስትራሊያ ገባ፤ እዚያ አድጎ ወደ ዴንማርኩ ሚትዩላንድ ተዛወረ። ይህ ክለብ በ2020/21 ሻምፒየንስ ሊግ ከሊቨርፑል፣ ከአያክስና ከአታላንታ ጋር ሲመደብ ማቢል በቡድኑ ውስጥ ነበር። አልፎንሶ ዴቪስ ጋና ውስጥ በቡዱቡራም ካምፕ ከላይቤሪያውያን ወላጆች ተወልዶ በካናዳ አደገ፤ በ2020 ከባየር ሙኒክ ጋር የሻምፒየንስ ሊግን ዋንጫ አገኘ። ኤድዋርዶ ካማቪንጋ አንጎላ ውስጥ በስደተኞች ካምፕ ከኮንጎአውያን ወላጆች ተወልዶ ፈረንሳይ አደገ፤ በነሐሴ 2021 ሪያል ማድሪድ ወሰደው።

ልብ በሉልን! ሦስቱንም ከካምፕ ያወጣቸው የኳስ ወኪል አይደለም። የወጡት ከቤተሰባቸው ጋር ነው። ኳሱ የመጣው በሚኖሩበት አገር፣ በሠፈር ክለብ ተመዝግበው፣ ደረጃ በደረጃ ነው።

«ወኪል ነኝ» የሚል ሰው ሲመጣ

አንድ ሰው ሜዳ ዳር ቆሞ ሲያይህ ቆይቶ፣ «አንተ ልጅ ችሎታ አለህ፤ አውሮፓ ሙከራ አስገባሃለሁ፤ ለቪዛና ለምዝገባ ይህን ያህል ገንዘብ አምጣ» ቢልህ ምን ትላለህ? እናትህ ያላትን ሁሉ ሸጣ፣ ዘመድ ተበድሮ ገንዘቡ ይሰጣል። ከዚያ ስልኩ አይነሣም። የባሰው ደግሞ ልጁን ወደማያውቀው አገር ወስዶ መንገድ ላይ መጣል ነው። ስለዚህ እነዚህን አራት ነገሮች ያዙ።

አንደኛ፣ በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአገር ወደ አገር ሊዛወር አይችልም። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ወላጆቹ ከኳስ ውጭ በሆነ ምክንያት ሲዛወሩ፣ ወይም ልጁ በስደት መጥቶ በሚኖርበት አገር ክለብ ሲመዘገብ። «የ15 ዓመት ልጅህን ጣሊያን ላስፈርመው» የሚል ግን ደንቡን እየጣሰ ነው፣ ወይም እየዋሸ ነው።

ሁለተኛ፣ ወኪል የፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈተና አልፎ ነው የሚያገኘው፤ ስሙም በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ኢንተርኔት ያለው መምህር በጥቂት ደቂቃ ማረጋገጥ ይችላል።

ሦስተኛ፣ በእውነት የሚፈልግህ ክለብ በራሱ ስም ደብዳቤ ይጽፋል። «በሞባይል ላክልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ቆም በሉ። ለብቻችሁ አትወስኑ፤ ለወላጅ፣ ለመምህር፣ በካምፑ ለሕፃናት ጥበቃ ለሚሠሩ ሰዎች ንገሩ።

አራተኛ፣ ወረቀታችሁን ያዙ። የተጫዋች ታሪክ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የት እንደተጫወተ ይመዘገባል። የዕድሜ ማስረጃና የክፍል ውጤት ካርድ ለኳስም፣ ለትምህርትም፣ ለስደት ጉዳይም ያስፈልጋል። ዕድሜን መቀነስ አንድ ቀን ራስን ይጠልፋል።

ለክፍል ሥራ

መምህራን፣ ይህን ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተጠቀሙበት። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር፣ ከዝውውሩ ሒሳብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ዓመቱ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ።

ጥያቄ፦ አንድ ተጫዋች በ12.5 ሚሊዮን ፓውንድ ቢዛወር፣ 16ና 17 ዓመቱ ላይ ያሠለጠነው ትንሽ ክለብ ስንት ያገኛል? (መልስ፦ ሁለት ጊዜ 0.5 በመቶ 1 በመቶ ነው፤ ይህም 125,000 ፓውንድ።) ቀጥሎ ጠይቋቸው፦ ክለቡ መዝገብ ባይዝስ? ማስረጃ ከሌለ ገንዘብ የለም። መዝገብ መያዝ ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ለተማሪዎች። የሻምፒየንስ ሊግ ማታ ጨዋታ በአውሮፓ ክረምት የሚጀመረው በኬንያ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፤ ስዋሂሊውም እንደኛው ቆጥሮ «ሳ ታኖ» ይለዋል። ሲያልቅ ሰባት ሰዓት ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ ጠዋት ደግሞ ክፍል አለ። ጎሉን በማግስቱ ብታዩትም ያው ጎል ነው፤ ያመለጠ ትምህርት ግን ውሰት የለውም።

ክርክራችሁ አይቋረጥ፤ ግን በማስረጃ ይሁን። እናንተ ካምፕ ውስጥ ስለ ዝውውር የምትከራከሩበት ጥያቄ ካለ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እንመልሳለን። እስከዚያው በሰላም ቆዩን።