በሐይቅ ሰማይ ላይ የሚፈሰው ኮረንቲ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሠልጣኞቻችን አንዱ በአምባሰል ወረዳ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የማስተማር ልምምድ ያደርግ ነበር። የዕለቱ ርእስ የምድር ማግኔትነት ነው። በመጽሐፉ ላይ ወገቧ በክር የታሰረ የማግኔት መርፌ ወደ መሬት አቀርቅራ ተሥላለች። ክፍል ውስጥ የተንጠለጠለችው መርፌ ግን እንደ ሚዛን ዘንግ ተጋድማ ቀረች። አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ የእኛዋ ለምን አታቀረቅርም?» ሲል ጠየቀ። ሠልጣኙም «ተበላሽታ ነው» አለው፤ መርፌዋም ወደ ሣጥኗ ተመለሰች። እኛ አሠልጣኞቹ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን እንገመግም ነበርና መልሱን ሰምተን ዝም አልን። ስለዚህ ስሕተቱ የሠልጣኙ ብቻ አይደለም።

መርፌዋ አልተበላሸችም ነበር። ይኸን የተረዳነው ባለፈው ክረምት ሦስት ሆነን ስለ ቅርብ ጠፈር ስናጠና ነው።

ቅርብ ጠፈር ስንል ከዋክብቱን ማለታችን አይደለም። ከሐይቅ ከተማ እስከ ደሴ ያለውን መንገድ ወደ ላይ አቁመን አራት ጊዜ ያህል ብንቀጣጥለው ከምናወራበት ቦታ እንደርሳለን፤ ይኸውም ከመሬት በላይ ከ100 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አየሩ እጅግ ስስ ነው። የፀሐይ ጨረር የአየሩን አተሞች እየመታ ኤሌክትሮኖቻቸውን ያላቅቃል፤ በዚህም ምክንያት ያ የሰማይ ክፍል ኮረንቲ ያስተላልፋል። አዮኖስፌር የምንለው ይኸንኑ ነው። ሥራውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልብ ሳንለው ቀርተን ነው እንጂ። ቀን የማይሰማው የሩቅ አገር የራዲዮ ጣቢያ ሲመሽ ጥርት ብሎ የሚሰማው ለምን ይመስላችኋል? ቀን የራዲዮውን ሞገድ የሚውጠው ዝቅተኛው ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚጠፋ ነው። ሞገዱም እስከ ላይኛው ንብርብር ደርሶ ወደ ምድር ይመለሳል።

ወደ መርፌዋ እንመለስ። ምድር የጂኦግራፊ ወገብ እንዳላት ሁሉ የማግኔትም ወገብ አላት፤ ሁለቱ ግን አይገጥሙም። የማግኔቱ ወገብ በአፍሪካ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ የምድር የማግኔት ኃይል ሽቅብም ቁልቁልም ሳይል ተጋድሞ ወደ ሰሜን ይሄዳል። በለንደን መርፌ ከአግድም 66 ዲግሪ ያህል ታቀረቅራለች። እኛ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ከሁለት ዲግሪ ብዙ አንርቅምና የእኛዋ የምታቀረቅረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ በዓይን እንኳ አይለይም። የመጽሐፉ ሥዕል ለአውሮፓ ልጅ እውነት ነው። የአምባሰሉም ልጅ ያየው እውነት ነበር።

ነገሩ ግን በመርፌ አያበቃም። የማግኔቱ ኃይል በተጋደመበት ቦታ በሰማዩ የሚሄደው ኮረንቲ ለየት ያለ ጠባይ አለው። ቀን ቀን ኤሌክትሮኖቹን ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል አለ። ከንብርብሩ በላይና በታች ግን መንገዱ ዝግ ነውና እዚያው ይከማቻሉ፤ መከማቸታቸውም በተራው በአግድም የሚሄደውን ኮረንቲ ያበረታዋል። ግራና ቀኙን የተገደበ የመስኖ ውኃ በቦዩ ውስጥ እንደሚበረታ ያለ ነው። ስለሆነም ከወገቡ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ዲግሪ ያህል ስፋት ባለው መቀነት ውስጥ ብርቱ ኮረንቲ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ኤሌክትሮጄት ይሉታል። ሐይቅና አምባሰል በመቀነቱ ውስጥ፣ ወደ ጠርዙ ጠጋ ብለው ይገኛሉ።

ይህ ኮረንቲ በመሬት ላይ የሚለካው ኤርስትድ በ1820 እ.ኤ.አ. ባገኘው ሕግ ነው። ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ ከሥሩ ያለውን መርፌ ያንቀሳቅሳል። እዚህ ሽቦው ሰማዩ ነው። በአዲስ አበባ የምድር ማግኔት 36,000 ናኖቴስላ ገደማ ሲሆን ኤሌክትሮጄቱ እኩለ ቀን ሲቃረብ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ናኖቴስላ ይጨምርበታል። ትንሽ ነው፤ ለጥሩ መሣሪያ ግን አይጠፋም።

ይኸው መሣሪያ በአዲስ አበባ የተተከለው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1950 ዓ.ም. ነው። የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዌን የተባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። ከቀን ወደ ቀን መዝገቡን ሲመለከቱ አንድ እንግዳ ነገር አገኙ፤ በአንዳንድ ቀን ከፍ ማለት የሚገባው መስመር ከሌሊቱም ልክ በታች ይወርዳል። በ1962 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡት። በ1967 ደግሞ ከፈረንሳዊው ማዮ ጋር ሆነው «ተቃራኒ ኤሌክትሮጄት» የሚለውን ስም ሰጡት፤ ኮረንቲው ለሰዓታት ፊቱን አዙሮ ወደ ምዕራብ ይፈሳል ማለት ነው። ዛሬ በመላው ዓለም የሚጠናው ይህ ነገር መጀመሪያ የታየው በአገራችን መዝገብ ላይ መኾኑን ለሠልጣኞቻችን ነግረን አናውቅም፤ ምክንያቱም እኛም አናውቅም ነበር።

የክረምት ሥራችን ቀላል ነበር። የአዲስ አበባው ጣቢያ መዝገብ ለማንም ክፍት ነውና ከኢንተርኔት አወጣን፤ በካሬ ወረቀትም ላይ እያንዳንዱን ቀን በእጅ ሣልን። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ እንዳለ ተጣለ። መዝገቡ በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ እኛ «8» የሚለውን ቁጥር ከቀኑ 8 ሰዓት አድርገን አነበብነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት መኾኑ ነው! ይኸን ካስተካከልን በኋላ መስመሩ እንደተባለው ሆነ፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይነሣል፣ 5 ሰዓት ገደማ ጫፍ ይደርሳል፣ ወደ ማታ ይወርዳል።

ከዕለታት አንድ ቀን ግን ከሰዓት በኋላ ያለው መስመር ከሌሊቱ ልክ በታች ወረደ። ምን ያደረግን ይመስላችኋል? በላጲስ አጠፋነውና እንደገና ሣልነው። አሁንም ወረደ። ቁጥር ያነበበውን ባልደረባችንን ገሠጽነው። ኋላ ስለ አባ ጉዌን ስናነብ ነው ያፈርነው፤ እኛ እንደ መርፌዋ ልናሰናብተው የነበረውን መስመር እሳቸው ዓይተው አምነውታል።

ዓይቶ ማመን ብቻ ግን አይበቃም። የማግኔት ማዕበል ሲነሣም መስመሩ ይወርዳል። ስለዚህ ከወገቡ ራቅ ካለ ጣቢያ መዝገብ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም አብረው ከወረዱ ነገሩ ማዕበል ሊሆን ይችላል፣ የአዲስ አበባው ብቻ ከወረደ ግን ኤሌክትሮጄቱን እንጠረጥራለን። «አምበር» የሚባለው የመለኪያዎች መረብ በአዲግራት መሣሪያ የተከለው አንዱ ምክንያት ይኸው ማስተያየት ነው። የኮረንቲው መገልበጥ ከላይኛው አየር ነፋስና ጨረቃ በአየሩ ላይ ከምታስነሣው ማዕበል ጋር ይያያዛል። ነገር ግን በየትኛው ቀን እንደሚገለበጥ አስቀድሞ መናገር እስከ ዛሬ አስቸጋሪ ነው።

ለክፍል የሚሆነው ሙከራ የልብስ መርፌና ክር ብቻ ይፈልጋል። መርፌዋን ማግኔት ሳይነካት በፊት ወገቧ ላይ አስራችሁ ሚዛኗን አስጠብቁ፤ ክሩን በጠብታ ሰም አጽኑት። ከዚያ በኋላ በማግኔት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ደጋግማችሁ አሹአት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሙከራው ዋጋ የለውም፤ ማዘንበሏ ከማግኔቱ ይሁን ከክብደቷ አይታወቅምና። ብረት ካለው ጠረጴዛም አርቋት።

የሣልናቸው ወረቀቶች ከዚህ ጋዜጣ በስተግራ ተለጥፈዋል፤ የላጲሱም ምልክት ይታያል። ያልተሣሉ ቀኖች ገና ብዙ ናቸውና እርሳስና ማስመሪያ ይዛችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሳይንስ ክፍል ኑ። ያቺ መርፌም ከሣጥኗ ወጥታ እዚያው ተንጠልጥላለች።